የሰማዕት ሚስት ብቻ አልነበሩም

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ እህቶችና ወንድሞች፤

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የቆምኩት ስለ መካከለኛው አሜሪካዊቷ አገር ስለ ኒካራጓ የቀድሞ ፕሬዚዳንት፣ ስለ ወይዘሮ ቪዮሌታ ቻሞሮ ልነግራችሁ ነው። ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ስማቸው በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው ባለቤታቸው ነው። እርግጥ ፔድሮ ሆአኪን ቻሞሮ ቀላል ሰው አልነበሩም። የ«ላ ፕሬንሳ» ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነው የአምባገነኑን የሶሞሳን አገዛዝ እየታሰሩም እየተሰደዱም ተጋፍጠውታል። ጃንዋሪ 10 ቀን 1978 በዋና ከተማዋ ማናጓ ውስጥ መኪናቸውን እየነዱ ሳለ በጥይት ተገደሉ። ሕዝቡ ገንፍሎ ወጣ። በዓመት ከመንፈቁ ሶሞሳ ወደቀ።

ግን ወይዘሮዋን «የሰማዕቱ ሚስት» ብሎ ማለፍ በደል ነው። በ1979 ሶሞሳን የጣሉት ግራ ዘመም አማፂዎች፣ ሳንዲኒስታዎች፣ ሥልጣን ሲይዙ አገሪቱን ከሚመሩት አምስት የሁንታ አባላት አንዷ ሆኑ። አካሄዱ አላማራቸውም። ዓመት ሳይሞላ ሥልጣኑን ትተው ወጡ። ይህን ያደረጉት በራሳቸው ውሳኔ ነው።

ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ፤ ቤታቸውም ገባ። ልጃቸው ካርሎስ ፈርናንዶ የሳንዲኒስታዎቹን ጋዜጣ «ባሪካዳ»ን ያዘጋጃል። ክላውዲያ የዚያው መንግሥት አምባሳደር ነች። ክርስቲያና ተቃዋሚው «ላ ፕሬንሳ» ውስጥ ትሠራለች። ታላቁ ልጅ ደግሞ በስደት፣ አሜሪካ ከምታስታጥቃቸው «ኮንትራ» አማፂዎች ጎን ቆሟል። ሁለቱ ከዚህ፣ ሁለቱ ከዚያ። እናትየው ግን ልጆቻቸውን አንድ ማዕድ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ፖለቲካው ከበር ውጭ ይቀራል። ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለነው አስረጂ አያስፈልገንም።

በ1990ው ምርጫ ከወግ አጥባቂ እስከ ኮሚኒስት 14 ፓርቲዎች እሳቸውን ይዘው ቀረቡ። ጉልበታቸው ተሰብሮ ነበር። ነጭ ለብሰው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ቀሰቀሱ። ብዙዎቹ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች የሳንዲኒስታዎቹ መሪና የወቅቱ ፕሬዚዳንት ዳንኤል ኦርቴጋ ያሸንፋል ብለው ነበር። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 55 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኙ። በመላው አሜሪካ አህጉር በሕዝብ ተመርጠው ፕሬዚዳንት የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው።

የተረከቡት አገር ግን ደቅቆ ነበር። የዋጋ ንረቱ በሺዎች በመቶ ይቆጠራል። ወዲያው የግዳጅ ውትድርናን አስቀሩ። 20 ሺህ ገደማ ኮንትራዎች ትጥቅ ፈቱ። ከ80 ሺህ በላይ የነበረው ሠራዊት ወደ 15 ሺህ ወረደ። ጠመንጃዎቹ ተሰባብረው ማናጓ መሐል በሲሚንቶ ተቀበሩ። ቦታው የሰላም ፓርክ ሆነ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የኦርቴጋን ወንድም ኡምቤርቶን በጦር አዛዥነት ማቆየታቸው ነው። የመረጧቸው ሰዎች ተቆጡ። ዋሽንግተንም አልወደደችውም። በእኔ እምነት ትክክል ነበሩ። ያን ጦር በጉልበት ለመበተን መሞከር ሌላ ጦርነት መጥራት ነበር።

ሁሉም ነገር ተሳካላቸው አልልም። የበጀት ቅነሳው ብዙ ሰው ሥራ አሳጣ። ድህነቱም አልተነቀለም።

ኋላ ኦርቴጋ ወደ ሥልጣን ተመለሰ። በ2021 ለፕሬዚዳንትነት ልትወዳደር የተነሳችው ልጃቸው ክርስቲያና ታሰረች። እሳቸውም በ2025፣ በ95 ዓመታቸው፣ ከአገራቸው ርቀው ኮስታ ሪካ ውስጥ አረፉ። በዚህ አዝናለሁ፤ ተቆጭቻለሁም።

ሥልጣን የለቀቁበትን መንገድ ሳልነግራችሁ ግን አልወርድም። በ1995 ምክር ቤቱ ሕገ መንግሥቱን ሲያሻሽል የፕሬዚዳንት ዘመድ እንዳይወዳደር ከለከለ። አማቻቸው አንቶኒዮ ላካዮ እጩ ለመሆን ይፈልግ ነበር። ወይዘሮ ቪዮሌታ ማሻሻያውን መጀመሪያ ተቃወሙት። ከወራት ውዝግብ በኋላ ግን ተስማሙ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1997፣ ባለቤታቸው በተገደሉ ልክ በ19ኛ ዓመቱ፣ ሥልጣኑን ለተመረጠው ለአርኖልዶ አሌማን አስረክበው ቤታቸው ገቡ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።