አምፑ ለምን ያጉረመርማል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከሰሜን ሸዋ የደወላችሁልን ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል።

ከደብረ ብርሃን የደወለ ቤዝ ተጫዋች፦ አምፑን ገና ስከፍተው “ኡምምም” ይላል። ቤዙን ባልነካውም አያቆምም። አንዱ ባለሙያ ስፒከሩ ይቀየር አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ትራንስፎርመሩ። የቱን ልመን?

ወንድሜ፣ ለጊዜው አንዱንም አትቀይር። ስፒከር የተሰጠውን ድምጽ ነው የሚያወጣው፤ ከራሱ አምጥቶ አያጉረመርምም። ብር ከማውጣትህ በፊት ድምጹ ከየት እንደሚመጣ ራስህ ማወቅ ትችላለህ። ካቻቪቴም አያስፈልግህም።

መጀመሪያ ጃኩን ከአምፑ ንቀል። ጸጥ ካለ አምፕህ ምንም አልሆነም፤ ኬብል ቀይረህ ሞክር፣ ካልሆነም ቤዙን አስፈትሽ። ጸጥ ካላለ ቮልዩሙን ዜሮ አድርገው። ጉርምርምታው አብሮ ከወረደ ጥፋቱ ከቮልዩሙ በፊት ያለው ፕሪአምፕ (የቤዙን ደካማ ሲግናል መጀመሪያ የሚያጎላው ክፍል) ላይ ነው። ቮልዩሙ ዜሮ ሆኖም ካልቀነሰ ፓወር ሰፕላዩን (ለአምፑ ኤሌክትሪክ የሚያዘጋጀውን ክፍል) ወይም ፓወር አምፑን (ስፒከሩን የሚገፋውን ክፍል) ጠርጥር።

ቀጣዩ ሙከራ የቤዝ ተጫዋች ጆሮ ይፈልጋል። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይርገበገባል። በቤዝህ ወፍራሙ ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ያለው ጂ የሚባለው ድምጽ 49 ኸርዝ ነው። ቀጭኑ የጂ ክር ባዶውን ሲመታ ደግሞ 98 ነው። ቤዙን በቱነር ቃኘው። ከዚያ ሳትሰካው እንጨቱን ከጆሮህ አስጠግተህ ሁለቱንም ምታና ከአምፑ ድምጽ ጋር አስተያያቸው። ወደ ታችኛው ጂ ከቀረበ የግራውንድ (የመሬት ሽቦ) ችግር ነው፣ ወይም ትራንስፎርመሩን ተጠግቶ የሚያልፍ የሲግናል ሽቦ አለ። ወደ ላይኛው ከቀረበና ሻከር ካለ ግን ትልልቆቹ የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) ደክመዋል ማለት ነው። ዲዮዶቹ ከሶኬት የሚመጣውን ኤሲ አምፑ ወደሚሠራበት ዲሲ ሲቀይሩ 50ው እጥፍ ሆኖ 100 ይሆናል፤ ያንን የማለስለስ ሥራ የካፓሲተሮቹ ነው። ዕድሜ በጠገበ አምፕ ላይ ይሄ በጣም የተለመደ ነው።

ለባለሙያው ይህንን ነግረህ ስጠው። ጫፋቸው ያበጠ ወይም ከሥራቸው ቡናማ ፈሳሽ የወጣ ካለ ይይ። ሳያብጡም ሊደክሙ ስለሚችሉ በመለኪያ ይፈትሻቸው። የሚተካው ማይክሮፋራዱ (የመያዝ አቅሙ) እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን፤ 105 ዲግሪ የሚል ከተገኘ ይመረጣል። ጎኑ ላይ ያለው መስመር ኔጌቲቩን ያሳያል፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ይፈነዳል። አንተ ራስህ እንዳትከፍተው አደራ። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተር ቻርጁን ይዞ ይቆያል። ባለ ቱቦ አምፕ ከሆነማ ከ400 ቮልት በላይ ሊሆን ይችላል። ባለሙያም ቢሆን በሬዚስተር አፍስሶና በቴስተር ለክቶ ነው እጁን የሚያስገባው። በካቻቪቴ ጫፍ ሾርት የሚያደርግ ካየህ ዕቃህን ይዘህ ሂድ።

ከደብረ ሲና ሞንታርቦና የሙዚቃ ዕቃ የሚያከራዩ አድማጭ፦ ቤዝ አምፑን ከሚክሰሩ ጋር ሳገናኘው ያጉረመርማል። የፕላጉን የመሬት ሽቦ ስቆርጠው ድምጹ ጠፋ። በዚሁ ልቀጥል?

የለም ጌታዬ፣ ዛሬውኑ ይመልሱት! በዚህ ጉዳይ እለምንዎታለሁ። የቤዙ ክሮች በኬብሉ በኩል ከአምፑ ብረት ጋር የተገናኙ ናቸው። አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ተላጦ ብረቱን ቢነካ 220 ቮልቱ በመሬት ሽቦው ይወርድና ፊውዙን ያቃጥላል። ያ ሽቦ ከሌለ ቤዙን የሚጫወተው ልጅ እጁ ክሩ ላይ፣ ከንፈሩ ማይክሮፎኑ ላይ እንዳለ ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል መንገድ ያገኛል። የሰው ልጅ የሞተበት ነገር ነው።

ጉርምርምታው የመጣው አምፑና ሚክሰሩ በተለያየ ሶኬት መሬት ስለያዙና የሲግናል ኬብሉ ሁለቱን ስላገናኛቸው ነው። ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኳቸው፤ ብዙ ጊዜ በዚሁ ያልቃል። ካላለቀ መሃል ላይ ዲአይ ቦክስ (በአምፑና በሚክሰሩ መካከል የምትገባ ትንሽ የሲግናል ሳጥን) ያስገቡና “ግራውንድ ሊፍት” የሚለውን ማብሪያ ይጫኑ። እሱ የሚያላቅቀው የሲግናል ኬብሉን መሬት ብቻ ነው፤ የመብራቱን አይነካም። ደግሞ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ መሬት አለው ብለው አይመኑ። በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስለኩት፤ በጄኔሬተር ሲሠሩም እንደዚሁ።

ከሸዋ ሮቢት የደወለች ቤዝ ተጫዋች፦ ለሰርግ ከደብረ ብርሃን ሌሊት ጭነን እንወርዳለን። ስንደርስ አምፑ ይንጣጣል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ይተወዋል። ምን ነክቶት ነው?

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ገደማ። ሌሊቱን ብርድ የጠጣ ብረት ቆላ ወርዶ ሞቃት አየር ሲያገኘው ያልበዋል። ያ እርጥበት ጃኩና ሰርኪቱ ላይ ሲያርፍ ያንጣጣል። ስለዚህ እንደደረሳችሁ አትክፈቱት። ከፀሐይ አርቃችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ብረቱን በእጅሽ ንኪው፤ ቀዝቃዛ ካልሆነ ይሰካ።

በዚህ ካልተሻለው የጣርማ በር ቁልቁለትና የመኪናው ንጠት የጃኩን ብየዳ ሰንጥቆት ይሆናል። የተሰነጠቀ ብየዳ አምፑ ሲግል ስለሚገጥም ከሰዓት በኋላ የዳነ ይመስላል። አምፑ በርቶ፣ ድምጹ ዝቅ ብሎ፣ የገባውን ጃክ በጣትሽ ቀስ አድርገሽ ወደ ጎን ግፊው። ከተንጣጣ እዚያው ነው። አሮጌው ብየዳ ተነስቶ በአዲስ ይበየዳል፤ የጃኩም ብሎን ይጠበቃል። ከኋላው “ሴንድ” እና “ሪተርን” የሚሉ ቀዳዳዎች (የሲግናሉ መውጫና መመለሻ) ካሉት በአጭር ኬብል አገናኚያቸው። መንጣጣቱ ከቆመ የሪተርኑ ጃክ ውስጥ ዝጓል፣ ይጸዳ።

ከመሃል ሜዳ በመልእክት የደረሰን፦ ቮልዩሙን ሳዞር ይንኮሻኮሻል። ላምባ አድርግበት አሉኝ።

ላምባ አያድርጉበት፤ ይቀጣጠላል፣ አቧራም ይሰበስባል። ለኤሌክትሮኒክስ ተብሎ የሚሸጥ ኮንታክት ክሊነር ይግዙ። አምፑ ጠፍቶና ተነቅሎ፣ ባለሙያው ከቮልዩሙ እግሮች በላይ ባለው ክፍተት ትንሽ ይንፋበትና ደጋግሞ ያዙረው። ደርቆም ካልተወው ካፓሲተር ዲሲ እያሾለከ ሊሆን ስለሚችል ያስፈትሹት።

ከአለም ከተማ፦ ወፍራሙን ክር ስመታ ብቻ ይርገፈገፋል። ስፒከሩ ተቀዶ ይሆን?

ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ የመረቡን፣ የእጀታውንና የስፒከሩን ብሎኖች ያጥብቁ። ወፍራም ድምጽ የላላውን ሁሉ ያርገፈግፋል። ከዚያ አምፑን አጥፍተው የስፒከሩን ወረቀት በሁለት እጅ ጣቶች ዙሪያውን እኩል፣ በጣም ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይጫኑት። “ክርር” የሚል የመፋቅ ድምጽ ከሰሙ ኮይሉ (ከወረቀቱ ጋር የተያያዘው የሽቦ ጥቅልል) ተበላሽቷል። አዲስ ሲገዙ የድሮው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ኦም (ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን) አይተው ያንኑ ይግዙ። ቢያንስ 8 ኦም ለሚፈልግ አምፕ 4 ቢገጥሙለት አምፑን ያቃጥሉታል።