ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው በፊት ይወሰን

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎቻችን፤ እንደምን ዋላችሁ!

በዚህ ጭጋግ ሐረጎን ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ ለመጣችሁ ልዩ ምስጋና አለኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ።

ጠዋት ልጆቹ ሲከራከሩ ሰምታችኋል። ጥያቄው የእንግሊዞቹ ነበር። ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት አንዴ ድምፅ ሰጥተዋል። ታዲያ ድጋሚ ሕዝበ ውሳኔ መደረግ ነበረበት ወይ? አንዷ ተማሪያችን «የተሸነፈ ይቀበል፤ ካልተቀበለማ ድምፅ መስጠት ምን ይጠቅማል?» አለች። ሌላው ተነሳና «ሰው ሲወስን ያላወቀውን ኋላ ካወቀ እንዴት ድጋሚ አይጠየቅም?» አለ። ለሁለቱም ከልቤ አጨበጨብኩ። ምሳ ላይም ስለዚሁ ሳስብ ነበር። የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ድምፅ ይኑር። ግን መኖሩ ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት ይታወጅ።

እንግሊዝ አገር የሆነውን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2016 ድምፅ ከሰጠው 51.9 ከመቶው «እንውጣ» አለ። 48.1 ከመቶው «እንቆይ» አለ። ጥያቄው አንድ ነው፤ በአባልነት እንቆይ ወይስ እንውጣ። እንዴት እንደሚወጣ ወረቀቱ ላይ የለም። «እንውጣ» ካሉት መሃል ከአውሮፓ ጋር ያለው ንግድ እንደነበረ እንዲቀጥል የሚፈልግ ነበር፤ ነገሩ ሁሉ እንዲቆረጥ የሚፈልግም ነበር። ሁለቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ተቆጠሩ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ የመውጫ ስምምነቱን ይዘው ፓርላማ ሲገቡ ጉዱ ታየ። ጃንዋሪ 2019 ላይ 432 ለ202 በሆነ ድምፅ ተጣለባቸው። እስከ ማርች መጨረሻ ሦስቴ ተጣለ። ለንደን ላይ «ስምምነቱ ለእኛ ይቅረብ» የሚል ትልቅ ሰልፍ ወጣ። መውጣቱ ጭራሽ ይቅር በሚለው አቤቱታ ላይ ከ6 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። በሌላ ወገን ለመውጣት የመረጠው 17.4 ሚሊዮን ሕዝብ ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ «ድምፃችንን ልትነጥቁን ነው» ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው ይገባኛል። ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላ «ሌላ አርባ አምስት ደቂቃ ይጨመር» ቢባል ማን ይቀበላል? ሁለተኛው ድምፅ ሳይሰጥ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጡ። ጎረቤትና ጎረቤት፣ አባትና ልጅ ግን እንደተኳረፉ ቀሩ።

አባቴ ሽማግሌ ነበሩ። ባልና ሚስት «በቃን» ብለው ቤታችን ሲመጡ የዛኑ ዕለት አያፋቱም። መጀመሪያ ያዳምጣሉ። ቀጥሎ ቀጠሮ ይሰጣሉ። በቀጠሮው ቀን ቤቱ ለማን፣ ልጆቹ ከማን ጋር፣ ላሟ የማን፣ ዕዳውን ማን እንደሚከፍል አንድ በአንድ ይነሳል። ሁሉም ከተዘረዘረ በኋላ «አሁንስ ምን ትላላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ «አሁንም በቃን» ይላሉ፤ በሰላም ይለያያሉ። አንዳንዶቹ አብረው ተመልሰው ይሄዳሉ። ድጋሚ እንደሚጠየቁ ከመጀመሪያው ቀን ስለሚያውቁ «ተታለልኩ» ያለ ሰው አልሰማሁም።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። አጎቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ኤንትሬ የጭነት መኪናውን ከነተሳቢው ይዞ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል። ያኔ ኮምቦልቻ ሌሊትም አትተኛም። ሚያዝያ 1985 ኤርትራውያን በሕዝበ ውሳኔ 99.8 ከመቶ ነፃነትን መረጡ። ጥያቄው የቀረበው ለእነሱ ነው፤ መልሱም የእነሱ ነው። በዚህ የምከራከርበት ነገር የለኝም። እኔን የሚያመኝ ኋላ የመጣው ነው። የወደቡ ነገር፣ የገንዘቡ ነገር፣ ድንበሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ እዚህም እዚያም የሚኖረው ሰው ዜግነት፤ ይሄ ሁሉ ከድምፁ በፊት ተነጋግረው አልጨረሱትም።

አጎቴ ለአምስት ዓመት ያንኑ መንገድ ተመላለሰ። ግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ። ጎሚስታው፣ ሻይ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ ሥራ ፈታ። እሱ ወደ ጅቡቲ መስመር ዞረ። አሰብ ላይ ግን የክርስትና ልጅ ነበረው። ሃያ ዓመት ድምፁን አልሰማም። የሰማው ሐምሌ 2010 ስልክ ሲከፈት ነው። ልጁ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ድምፁ ተለውጦ። አጎቴ ስልኩን እንደያዘ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ለዚህ ነው ሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 39ን አውጥታችሁ አንብቡ የምላችሁ። ንዑስ አንቀጽ 4 የመገንጠልን ሥርዓት ከ«ሀ» እስከ «ሠ» ይዘረዝራል። መገንጠል የሚጠይቀው ብሔር ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል። የፌዴራል መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ሕዝቡ በአብላጫ ድምፅ ይደግፋል። ሥልጣን ይተላለፋል። የንብረት ክፍፍሉስ? «ሠ» ላይ ነው፤ መጨረሻ። አባቴ ቢያዩት ኖሮ ቀጠሮው የታል ይሉ ነበር። ማንም ይገንጠል እያልኩ አይደለም። አንቀጹ ይሰረዝ፣ አይሰረዝ የሚለውም ሌላ ክርክር ነው። እስካለ ድረስ ግን ሕዝቡ የክፍፍሉን ዝርዝር በእጁ ይዞ ድጋሚ የሚጠየቅበት ቀን ሊኖረው ይገባል።

አንድ መምህር ባልደረባዬ «ይሄማ ለጉልበተኛው ይመቻል» አለኝ። «ክፉ ስምምነት ያቀርብና ሰውን አስፈራርቶ ያስቀረዋል» አለ። ልክ ነው፤ ይሄ ይፈጠራል። ስለዚህ ቀጠሮው ቀን ይቆረጥለት። በተቆረጠው ቀን ስምምነት ካልቀረበ የመጀመሪያው ድምፅ ይጽና። ያኔ ነገሩን በማጓተት ማንም አያተርፍም።

ሁሉም ድጋሚ ድምፅ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ልጆች ልብ በሉ። ወላይታ ላይ አዲስ ክልል ለመመሥረት የተሰጠው ሕዝበ ውሳኔ ሰኔ 2015 የተደገመው በአሰጣጡ ጥሰት ስለተገኘ ነው። ሐሳብ ስለተቀየረ አይደለም። የስኮትላንድ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከእንግሊዝ ጋር ለመቆየት 55 ከመቶው መረጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ 62 ከመቶው በአውሮፓ ኅብረት መቆየትን መረጠ፤ ግን ከእንግሊዝ ጋር ተያይዞ ወጣ። «ሁኔታው ተለውጧልና ድጋሚ እንጠየቅ» ቢሉ፣ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 2022 ላይ «ያለ ለንደኑ ፓርላማ ፈቃድ የስኮትላንድ ፓርላማ ይሄን ሊያውጅ አይችልም» አለ። እኔ አዝንላቸዋለሁ። መቼና በምን ምክንያት ድጋሚ እንደሚጠየቁ በ2014 አልተጻፈላቸውም።

የመጪው ቅዳሜ ክርክር ርዕስ አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 4 ነው። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ከመካከላችሁ ከ1985 እስከ 1990 አሰብ መስመር ላይ የሠራችሁ፣ የነዳችሁ፣ የነገዳችሁ፣ ሻይ የሸጣችሁ ካላችሁ ቀድማችሁ ኑልን። ልጆቹ ከመከራከራቸው በፊት እናንተን ይስሙ። አጎቴም ይመጣል፤ ትናንት ደውዬለት እሺ ብሎኛል።