እርሳስ በቱታ ወደ ቤት ሲገባ

የተከበራችሁ የመርካቶ የባትሪ፣ የራዲያተርና የቀለም ባለሙያዎች፣ ከባሎቻችሁ ጋር የመጣችሁ እናቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ እርሳስ ነው። ተማሪ የሚጽፍበትን ማለታችን አይደለም፤ የእሱ ውስጡ ግራፋይት ነው፣ በስም ብቻ ይታማል። የኛው ባትሪ ውስጥ ያለው፣ የራዲያተር መበየጃ ውስጥ ያለው፣ በድሮ የበር ቀለም ውስጥ የተቀላቀለው ብረት ነው።

«ባትሪ የምከፍተው እኔ፤ ቤት ያለችውን ነፍሰ ጡር ምን አገናኛት?» ትሉ ይሆናል። የሚያገናኛት ቱታው ነው። ያረጀ ባትሪ ተከፍቶ ውስጡ ሲወጣ ግራጫው ዱቄት ልብስ፣ ጫማና ፀጉር ላይ ያርፋል፤ ማታ ቤት ይራገፋል። የሚድኸው ልጅ በመዳፉ ይጠርገውና እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ትንሽ ልጅ ደግሞ ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያስገባው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ነው።

እርሳስ ለሰውነት ካልሲየም ይመስለዋል፤ አጥንት ውስጥ አስገብቶ ለዓመታት ያስቀምጠዋል። ሴቲቱ ስታረግዝ ለጽንሱ ካልሲየም ከአጥንቷ ሲወጣ እርሳሱም አብሮ ይወጣል፤ የእንግዴ ልጁም አያግደውም። ስለዚህ ሥራውን ከተወች የቆየችም ከስጋት ነፃ አይደለችም። ውርጃ፣ ያለጊዜ መውለድ፣ የሕፃኑ ክብደት ማነስ ሊከተል ይችላል። በልጁ ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ይታያል፦ ነገር ቶሎ አይገባውም፣ አንድ ቦታ አይረጋም። የወንዱም ዘር በቁጥርም በእንቅስቃሴም ይቀንሳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቱታና ጫማ ሥራ ቦታ ይቅሩ። ከምሳ በፊት እጅና ፊት በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ፤ ሳኒታይዘር ጀርም ይገድል ይሆናል እንጂ እርሳስ አያነሣም። ቤት በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፣ አቧራውን ወደ አየር ይበትነዋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ጨርቁ የሚጨመቅበት ባልዲ ከሚታጠብበት ይለይ። አገራችን ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) በላይ እርሳስ ያለው ቀለም ከልክላለች፤ ደንቡ ግን የሚገዛው አዲሱን ቆርቆሮ ነው እንጂ የአያቶቻችንን በር አይደለም። የድሮ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ፣ ውኃ ይነስነስበት፤ ነፍሰ ጡርና ልጆችም ከዚያ ይራቁ።

«ወተት ያጥበዋል» የሚባለው እውነት አይደለም። ካልሲየምና አይረን የማያንሰው ሰውነት እርሳስ የሚመጠው በጥቂቱ ነው፤ አጥንት የገባውን ግን ወተት አያወጣውም። የዓለም ጤና ድርጅት የልጅ ደም በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራም ከደረሰ ምንጩ ተፈልጎ ይወገድ ይላል። ይህም የሚታወቀው በደም ምርመራ እንጂ ልጁን በማየት አይደለም።

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ፤ ቱታ ከሕፃን ልብስ ተለይቶ እንዴት እንደሚዘፈዘፍ በሳፋ እናሳያችኋለን።