ለልጆች በስጦታ የሚሰጡ ትንንሽ የበዓል ጌጦች በሸራ ጥልፍ

(ምስል፦ ገና ያልተጠለፈ ሸራ፣ ከጎኑ ያለቀ የኮከብ ጌጥ)

የሸራ ጥልፍ በተራ ጨርቅ ላይ ከሚሠራው ጥልፍ የሚለየው ክሩ ሸራውን፣ ማለትም እንደ መረብ ቀዳዳ ያለውን ጠንካራ ጨርቅ፣ ምንም ሳያስቀር እንዲሸፍነው መደረጉ ነው። ተቀባዩ ልጅ ሲሆን ጌጡ ከሚንጠለጠልበት ጊዜ ይልቅ የሚጨበጥበትና የሚጎተትበት ጊዜ ስለሚበዛ፣ ከፊቱ ውበት አስቀድሞ የጀርባው ጥንካሬ ሊታሰብበት ይገባል።

ሸራ የሚለካው በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ውስጥ ባሉት ቀዳዳዎች ቁጥር ነው። ጎኑ ሦስት ኢንች የሆነ ካሬ ጌጥ በባለ18 ሸራ 2,916 ስፌት ይፈልጋል፤ በባለ13 ሸራ ግን 1,521 ይበቃዋል። ባለ18 ለረቂቅ ሥዕል ይመቻል፤ ሆኖም ልጅ ከሩቅ የሚለየው ኮከብ፣ ደወል ወይም ወፍ በባለ13ም በሚገባ ስለሚወጣ፣ ለብዙ ልጆች የሚጠልፍ ሰው ድካሙን በግማሽ ያህል ሊያቀልል ይችላል።

(ምስል፦ መርፌና ክር በቅርበት)

መርፌው ጫፉ የደነዘ፣ ዓይኑ የሰፋ መሆን አለበት፤ ለባለ13 ሸራ 20 ቁጥር፣ ለባለ18 ደግሞ ቀጠን ያለው 22 ቁጥር ይስማማል። ክሩ በቀዳዳዎቹ ባለፈ ቁጥር ስለሚፋቅ ከ45 ሴንቲሜትር ባይረዝም ይመረጣል። አብረቅራቂ ክር ቶሎ ስለሚተረተር ከዚህም አጥሮ ይቆረጣል፤ የጠላፊውን ትዕግሥት መፈተኑም አይቀርም።

ከሥዕሉ ዙሪያ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ባዶ ሸራ ይተዋል፤ ጠርዙም እንዳይተረተር በወረቀት ፕላስተር ይለበጣል።

(ምስል፦ የስፌቱ አቅጣጫ፣ ከፊትና ከጀርባ)

መሠረታዊው ስፌት ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ የሸራው ክሮች የሚገናኙበትን አንድ መስቀለኛ ነጥብ ተሻግሮ የሚያርፍ ነው። ከፊት ሲያዩት አንድ ዓይነት ቢመስልም ጀርባው እንደ አሠራሩ ይለያያል። ግማሽ መስቀል የሚባለው ክር ይቆጥባል፣ ነገር ግን ጀርባውን ስስ ያደርገዋል። በአግድም ረድፍ የሚሄደው ጀርባውን ቢሸፍነውም ሸራውን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። በሰያፍ ረድፍ ወጣ ወረድ እያለ የሚሠራው ግን ጀርባውን እንደ ቅርጫት ስለሚሸምነው ሸራው ብዙም አይጣመምም፣ ስፌቱም መጎተትን ይችላል፤ ለልጅ ጌጥ የምንመርጠውም ይህንኑ ነው። ጠባብ ቦታ ላይና በነጠላ መስመር ግን አይመችምና በዚያ በአግድም ረድፍ የሚሄደውን መጠቀም ግድ ይላል። የክሩ ጫፍ ከጀርባ አይቋጠርም፤ ቋጠሮ በፊት በኩል እብጠት ሆኖ ስለሚታይ፣ ጫፉ በተሠሩት ስፌቶች ሥር ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር ይሳባል።

(ምስል፦ ጥልፉ ከፌልት፣ ማለትም ተጠቅጥቆ ከተሠራ ወፍራም ጨርቅ፣ ጋር ሲገጠም)

ጥልፉ ካለቀ በኋላ ቀለም የማይለቅ መሆኑ ተረጋግጦ በጥቂቱ ይረጥባል፤ ከዚያም ሰሌዳ ላይ በማይዝግ ስፒል ተወጥሮ እስኪደርቅ ይቆያል። ትርፍ ሸራው አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ቀርቶለት ይቆረጥና ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ጀርባውም በፌልት ይለበጣል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሰጥ ጌጥ ላይ ዶቃም ሆነ ቁልፍ አይሰፋም፤ ተነቅሎ ቢዋጥ ሊያንቀው ይችላል። ማንጠልጠያውም አንገት የማያስገባ አጭር ቀለበት ሆኖ፣ ሁለቱ ጫፎቹ በጥልፉና በፌልቱ መካከል ገብተው በጥብቅ ይሰፋሉ። የልጁን ስም መነሻ ፊደልና ዓመተ ምህረቱን በጀርባው ላይ መጥለፍ የሚፈልግ ሰው ፌልቱ ከመገጠሙ በፊት ይሥራው፤ ከተገጠመ በኋላ መርፌው በፊተኛው ጥልፍ ላይ ይወጣል።