አረፋ አይላጭም! በእጅ የተሠራ የጺም ሳሙና ባህር ዳር ላይ ተሞከረ

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ ወገን? ዛሬም ከባህር ዳር፣ ከለመዳችሁት በረንዳ ነኝ። የምትሰሙት የጎረቤት ዶሮ ነው። ሦስት ጊዜ ቀረጻ አቋርጬለት ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ፣ የቻናሉ ባልደረባ ሆኗል።

የዛሬው ነገር ሳሙና ነው። የጺም ሳሙና።

(ካሜራው ወደ ጣሳዋ ይጠጋል)

ይቺን የምታክል ጣሳ ናት። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ በካልሲ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከታ አመጣችልኝ። ትልቅ ፋብሪካ የሚያወጣው አይደለም። አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ሰው ሆነው በትንሽ በትንሹ እያበሰሉ፣ ጣሳ ውስጥ እያፈሰሱ የሚሸጡት ዓይነት ነው። ልክ እንደ ጠላ አስቡት፤ ጌሾው ያው ጌሾ፣ ብቅሉ ያው ብቅል፣ ግን የእያንዳንዷ ጠማቂ እጅ ይለያል።

ክዳኑን ስከፍት ምን ሸተተኝ? ዕጣን! ጣሳው ላይም ተጽፏል። እኛ እኮ ከሐይቁ ወደ ምዕራብ ወርደን መተማ ብንደርስ የዕጣን ዛፍ እዚያው ቆሞ እናገኘዋለን። ዛፉን ይፍቁታል፣ ሙጫው ይንጠባጠባል፣ ይለቀማል፣ ባሕር ይሻገራል። ምናልባት ይሄ በመርከብ ሄዶ በካልሲ የተመለሰ ዘመዳችን ነው። እናቴ በረንዳውን አቋርጣ ስታልፍ አሸተተችና «ዛሬ ደግሞ ቅዳሴ ቆመህ ነው የመጣኸው?» አለችኝ።

እሺ፣ የመጀመሪያው ቀን።

ብሩሹን አረጠብኩ፣ አራገፍኩ፣ ሳሙናው ላይ ሠላሳ ሰከንድ ያህል አሽከረከርኩ። ነጭ፣ ወፍራም፣ ሲያዩት የሚያጓጓ ነገር ተነሣ። ደስ ብሎኝ ፊቴን ቀባሁ። ከዚያ የካሜራውን እግር አስተካክዬ፣ ዶሮውን አባርሬ ስመለስ ጉንጬ ላይ ያለው አረፋ ኖራ ሆኗል። ኖራ! ስነካው ይሰነጠቃል። ምላጩን ሳሳርፈው አልተንሸራተተም፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ገፋ ሳደርገው ክርርር አለ። ከማንቁርቴ ትንሽ ወደ ግራ፣ እዚህ ጋ፣ አንድ ቀይ ነጠብጣብ ብቅ አለች። ይኸው ምልክቷ፤ እንግዲህ ለእናንተ ስል ደሜን አፍስሻለሁ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ኅሊናችሁ ይፍረዳችሁ።

ሁለተኛው ቀን ተምሬያለሁ ብዬ ውኃ ጨመርኩ። ጨመርኩ ስል ደፋሁ። አረፋው እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። እንጀራ ላይ ዓይን ሙገሳ ነው፤ የጺም ሳሙና ላይ ስድብ ነው። በአገጬ ወርዶ፣ በአንገቴ አድርጎ ሸሚዜ ውስጥ ገባ።

አሁን ስለ ታንኳ ልንገራችሁ። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! «የባህር ዳር ልጅ ታንኳ ሳይጠቅስ አይውልም» ልትሉኝ ነው። ታገሡኝ፤ ይሄ ምሳሌ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጣና ዳር ውረዱና አንድ ደንገል፣ ያንን ውኃ ዳር የሚበቅለውን ረጅም ተክል፣ በጥፍራችሁ ሰንጥቁ። ውስጡ ነጭ ነው፣ ስፖንጅ ነው፣ ስትጫኑት ስርጉድ ይላል። የሚያንሳፍፈው ምንድን ነው? አየር ነው። ግን አንድ ትልቅ አየር አይደለም። ደቃቅ ደቃቅ ጎጆ ነው፤ እያንዳንዱ ጎጆ ትንሽ አየር ይዟል። እሱ በነዶ በነዶ ይታሰርና ታንኳ ይሆናል። ከዘጌ በኩል ማገዶ ተቆልሎበት ሲመጣ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንጨቱ ብቻ ውኃ ላይ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ከነዶው አንዱ ግንድ ቢሰበር ምንም አይሆንም፣ ሌላው አለ። የሞተር ጀልባ ግን አንድ ቀዳዳ ይበቃዋል።

አረፋም እንደዚሁ! ጥሩ አረፋ ደንገል ነው። ዓይኑ የማይታይ፣ ደቃቅ፣ የተጠጋጋ፤ አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ይሸከማል። የሁለተኛው ቀን አረፋዬ የሞተር ጀልባው ነው፤ አንዷ ትልቅ ዓይን ስትፈነዳ ጎረቤቷን ይዛ ትሄዳለች።

ቆዩ፣ አልጨረስኩም። ታንኳ ውኃ ይጠጣል። ውኃ ላይ በዋለ ቁጥር ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ጎትቶ ያወጣውና ዳር ላይ አቁሞ ያደርቀዋል። አሁን የመጀመሪያውን ቀን አስታውሱ። ያ ኖራ የሆነው አረፋ ምንድን ነው? ዳር ላይ የቆመ ደረቅ ታንኳ ነው! ታንኳው ደህና ነው፣ ምንም አልጎደለውም፣ ግን ማን ነው በደረቅ መሬት የሚቀዝፈው? ሁለተኛው ቀን ደግሞ ውኃ የጠገበ ታንኳ። አያችሁ? አያችሁ አይደል?

የእህቴ ባል ይሄን ሁሉ ሰምቶ «ማኪያቶ አትልም በቃ?» አለኝ። እውነቱን ነው። የጥሩ ማኪያቶ አረፋ ዓይን የለውም፣ ያብረቀርቃል፣ አለቀ ደቀቀ። ግን ማኪያቶ አይቀዘፍም።

እሺ፣ አሁን ወደ ምላጩ ልገባ ነበር። ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር የጻፋችሁልኝን ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። አንዱ ምን አለኝ? «ሳሙና ሳሙና ነው፣ ዋናው አረፋው ነው። እኔ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ነው የምላጨው፣ ከአንተ የበለጠ ያረፋል።» ከሥሩ ደግሞ ሌላ ሰው፦ «እንዶድስ? አያቴ በእንዶድ ጋቢ ስታጥብ የነበረው አረፋ የትም የለም።» ከዚያ ሌላው «ልክ ነው»፣ ሌላው «ልክ ነው»...

ስሙኝማ። አረፋ ማለት አየር ነው። አየር አይላጭም። ጺም ውኃ ሲጠጣ ነው የሚለሰልሰው። ሁለት ሦስት ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ምላጩ ብዙ አይታገለውም፣ ደረቅ ከሆነ ይታገለዋል። አረፋው ደግሞ ያንን ውኃ ጉንጭ ላይ ይዞ የሚያቆይ ዘበኛ ነው። በባዶ ውኃ ብትታጠቡ ወርዶ ያልቃል፤ ዘበኛው ሲኖር ግን አይወርድም። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት አረፋ?» አይደለም። «ስንት ውኃ ያዘ፣ ለስንት ደቂቃ?» ነው። ጢስ ዓባይ ሥርም አረፋ ሞልቷል፤ ማንም ግን እዚያ ሄዶ አይላጭም።

የዕቃ ማጠቢያው የተሠራው ከሳህን ላይ የወጥ ቅባት እንዲያነሣ ነው። ፊታችሁ ላይ ደግሞ ወጥ የለም፣ የራሳችሁ ወዝ ነው ያለው። እሱን ያነሣዋል። ከዚያ «ቆዳዬ ለምን ይለበልበኛል?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ።

እንዶድን በተመለከተ... ኧረ እንዶድ የራሱ ቪዲዮ ይገባዋል፤ በአጭሩ ግን እንዶድ ሳሙና አይደለም። ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ነው የሚያረፋው። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆች 1964 አድዋ ሄደው፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች! በሽታው ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች እንግዳ አይደለም። ከዚያች ወንዝ ዳር ተነሥቶ ነው እንዶድ በዓለም የታወቀው። ትልቅ ነገር ነው፣ እኮራበታለሁ። ግን ወንድሜ፣ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ለምን ጉንጭህን ትቀባለህ? ዓይንህ ከገባ ደግሞ ያቃጥላል። ለጋቢው ተወው።

እንዶድ አሥር ደቂቃ ሊወስድብኝ ነው፤ ኬሚስትሪውን በሩጫ ላድርገው። መሠረቱን ታውቁታላችሁ፦ ስብና አልካሊ ሲገናኙ ሳሙናና ግሊሰሪን ይሆናሉ። የገላ ሳሙና አልካሊው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ ድርቅ ይላል። የጺም ሳሙና አብዛኛውን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ ለስላሳ፣ ቶሎ የሚሟሟ። ስቴሪክ አሲድ የሚባል የስብ አሲድ ይበዛበታል፤ አረፋውን ደቃቅና ጽኑ የሚያደርገው እሱ ነው። የኮኮናት ዘይት ቶሎ ያረፋል፣ ትልልቅ ዓይን ያወጣል፣ ቶሎ ይጠፋል። ግሊሰሪኑ እዚያው ሲቀር ውኃ ይይዛል። ጨርሻለሁ፣ ያልገባው ወደ ኋላ መልሶ ይይ።

አንድ ነገር ግን አለ። ይቺ ጣሳ ላይ ከተጻፈው ውስጥ የመጀመሪያው የበሬ ሞራ ነው። ይሄን ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ስሕተቴ እሱ ነው። እናቴ ከጓዳ ሰማች። «ምን አልክ? በፍልሰታ ሞራ ፊትህን ትቀባለህ?» አለች። እማዬ፣ ሞራው እኮ ሞራነቱ ቀርቷል፣ ሳሙና ሆኗል፣ አይበላም አልኳት። «የንስሐ አባቴን ሳልጠይቅ በዚያ ሳህን ሽሮ አልበላም» አለች። አዎ፣ አረፋውን የምመታው በእሷ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ጠርዙ የተሸረፈ ሰማያዊ ሳህን።

ሦስተኛው ቀን።

በዚህ ቀን ሁለት ነገር ለወጥኩ። አንደኛ ውኃውን። ጠንካራ ውኃ፣ ማለትም ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውኃ፣ ሳሙናውን ይይዝና ወደ ዝቃጭ ይለውጠዋል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ካለ የእናንተም እንደዚያ ነው። ነሐሴ ነው፣ ሰማዩ እንደምታዩት ነው፤ ማታ ባልዲ ከአሸንዳው ሥር አስቀመጥኩ። የዝናብ ውኃ ለሳሙና ወደር የለውም።

ሁለተኛ፣ ውኃውን መድፋት ትቼ በጣቴ ጫፍ ማንጠባጠብ ጀመርኩ።

(ካሜራው ሳህኑ ላይ፤ ሙዚቃ የለም)

ድምፁን ስሙት። መጀመሪያ ብሩሹ ቸስ ቸስ ይላል፣ እንደ ደረቅ መጥረጊያ። ሁለት ጠብታ። አሽከርክር። አሁንም ቸስ ይላል። ሁለት ጠብታ። ዓይን ታያላችሁ፣ አትደንግጡ፣ አሽከርክሩ፣ ይጠፋል። ደግሞ ሁለት። እኔ «በቃ ደረሰ» ያልኩት እዚህ ጋ ነበር፤ ገና ግማሽ መንገድ ነው! ቀጥሉ። አሁን... ሰማችሁ? ዝም አለ። ብሩሹ ድምፅ የለውም። ከላይ ያብረቀርቃል፣ ጫፉን ብድግ ሳደርገው ጎንበስ ትላለች እንጂ አትቆምም። እስከዚህ ድረስ የገባው ውኃ በሻይ ማንኪያ ሲለካ ሁለት ያህል ነው። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ማንኪያ እንኳ አልጠጣም ነበር።

አሁን ምላጭ። ባለ ሁለት ስለቱ ነው፤ ጂሌት የተባለው ሰውዬ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በፈረንጆች 1904፣ አድዋ በሆነ በስምንተኛው ዓመት ነው። ቅርፁ ያኔ ከነበረው ብዙም አልራቀም። ሠላሳ ዲግሪ ያህል አዘንብሉት፣ አትጫኑት፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል፣ ጺሙ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ፣ አንድ ዙር። የእኛ ፀጉር ጥቅልል ነው፤ ሽቅብ ገፍታችሁ ከቆዳው በታች ከቆረጣችሁት ሲያድግ ተጠምዝዞ ተመልሶ ወደ ቆዳ ይገባል፣ ያብጣል። አንገታችሁ ላይ የሚወጣው ሽፍታ በአብዛኛው እሱ ነው። በዚህ ላይ ፀጉር ቤት «አልኮል ላድርግልህ?» ሲሏችሁ ጥርሳችሁን ነክሳችሁ እሺ ትላላችሁ። እኔ ትቻለሁ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ይበቃኛል።

(መላጨቱ ይታያል፤ በፍጥነት)

ያቺን የመጀመሪያ ቀን ቁስል እንኳ ሳይነካት አለፈ። ድምፁም ክርርር አይደለም፣ ወረቀት ላይ እጅ ሲንሸራተት ዓይነት ነው።

ሳሙናዋን በተመለከተ፦ ሽታዋ ከታጠብኩ በኋላ ሩብ ሰዓት አልቆየም፤ ዕጣን ላለ ሰው ትንሽ ያሳፍራል። ቆዳዬን ግን አላደረቀችውም፣ ማታ ድረስ ቅባት አልፈለግሁም። ለጀማሪ ውኃ አጠጣጧ አስቸጋሪ ነው፣ ሦስት ቀን ፈጅታብኛለች። እንደገና የሚመጣ ዘመድ ካለ ግን አስልካለሁ፣ በዚህ ጊዜ ሞራ የሌለበትን። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

የብሩሽ ጥያቄዎቻችሁን አይቻለሁ፤ የሚቀጥለው ቪዲዮ እሱ ነው፤ የአሳማ ፀጉር ብሩሽ ስላለበት እናቴ ቤት አይቀረጽም። ደወሏን ተጫኑ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ መሰለኝ፣ ከዚህ በኋላ ምንም አትሰሙም... አቤት? አቤት እማዬ! መጣሁ፣ እያጠብኩት ነው!