ቢ፣ እዝባር፣ ሲ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ሳምንት ቃል የገባሁላችሁን ርእስ ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ፤ ከማክሰኞ ወዲህ ከጆሮዬ ያልወጣ አንድ ቃል አለና። ቃሉ «እሺ» ነው።

እናንተ «ዐቃቤ ሕጉ» እያላችሁ የምትቀልዱበት ቀይ እስክሪብቶዬ የአሥረኛ ክፍልን የእንግሊዝኛ ድርሰት ሲያርም ሰነበተ። በአንዲት ተማሪ ወረቀት ላይ «ቢኮዝ» የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ገብቷል፤ አምስቱንም ጊዜ ግን ቢ፣ እዝባርና ሲ ብቻ ሆኖ ነው ያገኘሁት። «ዊች» ወደ ደብልዩና ሲ ወርዷል፤ ከ«ቢትዊን»ም የተረፉት ቢና ኤን ናቸው። ከአሥሩ አራት ነጥብ ቀነስሁና ኅዳጉ ላይ «ይህ ፈተና እንጂ የስልክ መልእክት አይደለም» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍሁ። አባባሌ ደስ ስላሰኘኝ ከሥሩ አሰመርሁበት።

ወረቀቱን በመለስሁ ቀን ልጅቱ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ ወደ ጠረጴዛዬ መጣችና «ቲቸር፣ እኔ ስልክ የለኝም» አለችኝ። ለመከራከር የመጣች አትመስልም ነበር፤ ስሙ ከመዝገብ የተዘለለ ሰው ዝግ ብሎ እንደሚያስታውሰው ዓይነት ነው የነገረችኝ። እኔም «እንግዲያው ከጓደኞችሽ ቀድተሽው ይሆናል» አልኋት። መልስ ሳትሰጠኝ ደብተሯን ገለጠች። ከሦስት ሳምንት በፊት ስለ አያያዥ ቃላት ያስተማርሁት ማስታወሻ ነው፤ ርእሱ በማስመሪያ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፣ ከሥሩም ቢ፣ እዝባር፣ ሲ። ሰሌዳው ላይ እኔ የጻፍሁትን ሳትጨምር ሳትቀንስ ገልብጣዋለች።

እዚህ ላይ ማለት የነበረብኝን ነገር አሁን በደንብ አውቀዋለሁ። ያልሁት ግን «የሰሌዳ ሌላ፣ የፈተና ሌላ» የሚል ነበር። እሷም «እሺ ቲቸር» ብላ ደብተሯን ዘግታ ወጣች። ያንን «እሺ» ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ መስማማት እንዳልሆነ ይገባኛል፣ ቅሬታ እንዳልለው ደግሞ ምንም የቅሬታ ድምፅ አልነበረበትም። ቅሬታ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

የልጆቹን እንግሊዝኛ የሚያበላሸው ስልክ ነው ብዬ በዚህ ዝግጅት ስንት ጊዜ እንደማልሁ ቆጥራችሁ ልካችሁልኛል። ብቻዬንም አልነበርሁም፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ የወጣ የዋና ፈታኝ ሪፖርት የታዳጊዎችን የጽሑፍ ችሎታ መዳከም ከአጭር መልእክት ጋር አያይዞት ነበር። በእንግሊዝ የኮቨንትሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን ከ10 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውን ልጆች አጥንተው፣ በመልእክታቸው ቃላትን አብዝተው የሚያሳጥሩት በንባብም የተሻሉ እንደሆኑ አይተዋል፤ ቃልን በድምፁ ለማሳጠር አስቀድሞ ድምፁን መለየት ያስፈልጋልና። ይህን ጥናት ከዚህ በፊትም አውቀው ነበር፤ ስለማይስማማኝ ነው ያልነገርኋችሁ።

ይልቅ የሚያሳፍረኝ፣ መልሱ እዝባሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ አለማየቴ ነው። የስልክ እንግሊዝኛ በድምፅ ይሄዳል፤ «ግሬት» ለማለት ጂና አር ጽፎ የ8ን ቁጥር ያስከትላል። እዝባርን ከቁልፎቹ መካከል ፈልጎ የሚነካ ችኩል ልጅ አላየሁም። እዝባር የሰሌዳና የጽሕፈት ቤት ልማድ ነው። የምሠራበት ግቢ በር ላይ «ት/ቤት» ተብሎ ተጽፏል፤ በደመወዝ መክፈያው ላይ እኔም ራሴ «መ/ር» ነኝ። ቅድም «እ.ኤ.አ.» ስል ከእናንተ መካከል የሳቀ እንደሚኖር አልጠራጠርም። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ሎርድ ፊሸር የሚባሉት የባሕር ኃይል አድሚራል በ1917 እ.ኤ.አ. ለቸርችል በጻፉት ደብዳቤ ላይ «ኦ ማይ ጎድ» ለማለት «ኦ.ኤም.ጂ.» ብለዋል፤ ስልክ በሌላቸው ልጆች ላይ ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሣ መምህር ይህን ማስታወስ ነበረበት። የመጀመሪያው የስልክ የጽሑፍ መልእክት ደግሞ ዲሴምበር 3 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሲላክ «መልካም ገና» የሚል ነበር፤ አንድ ፊደል እንኳ አልጎደለበትም።

ለምን እንደማሳጥር ታውቃላችሁ፤ ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው፣ ተማሪው ስልሳ ሁለት ነው፣ መጽሐፉ ለሁሉም ስለማይደርስ ሰሌዳው ነው መጽሐፋቸው። እንዲህ መጻፍን ከራሴ መምህራን ወርሼዋለሁ፤ የዩኒቨርሲቲ ደብተሬን ትናንት ማታ አውጥቼ ብገልጠው ከእዝባር ሌላ ምንም ያለበት አይመስልም። እኔ ግን ሙሉውን ቃል አውቀው ነበር፣ ወይም እንደማውቀው እገምታለሁ። እሷ ታውቀው እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሁለት ነገር ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ አንዱ ይህ መሆን ነበረበት።

ነጥቡን ልመልስላት ብዬ ረቡዕ መዝገቡን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን «ዩ» የምትለዋን ፊደል ብቻ በ«አንተ» ፋንታ የጻፉ አሥራ አንድ ልጆች አሉ፤ እነርሱ ስልክ አላቸው፣ ይህንንም ከእኔ አልተማሩም። ለእሷ መልሼ ለእነርሱ ብከለክል የምቀጣው አጻጻፉን ሳይሆን ስልኩን ነው። ለሁሉም ብመልስ ደግሞ ምን እንዳስተማርሁ እኔም አላውቀውም። መዝገቡን ዘጋሁት።

ዛሬ ጠዋት እዚያው ክፍል ገብቼ «ቢኮዝ»ን በሙሉ ፊደሉ ጻፍሁ፤ «ዊች»ንም እንዲሁ። ደወሉ ሲደወል ማስታወሻው ግማሽ ላይ ነበር። ልጅቱ እስክሪብቶዋን ይዛ ቀሪውን ትጠብቃለች፤ እኔም ጠመኔውን እንደያዝሁ...