መብረር የተወችው ወፍ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ። ስለ አንዲት ወፍ ላወራችሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባሌ ነው። ረግረግ ዳር ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ፣ ደረቷ የዛገ ብረት የመሰለ ወፍ ከሣሩ ወጥታ አጠገቤ መልቀም ጀመረች። ጅራቷን ብድግ ባደረገች ቁጥር ከሥሩ ነጩ ይታያል። ተነሥቼ ስጠጋት አልበረረችም። በእግሯ ሮጣ ሣር ውስጥ ገባች። ክንፍ እያላት! ይህች ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የለችም። ቤቴ ገብቼ ስለ ዘመዶቿ ሳነብ ሳነብ፣ ሳላስበው አትላንቲክ መሃል ደረስኩ።

ቦታው ትሪስታን ዳ ኩኛ ይባላል። እሳተ ገሞራ ከውቅያኖስ ወለል ያወጣቸው ደሴቶች ናቸው። ቋሚ ነዋሪ ያለው በዋናው ደሴት ብቻ ነው፤ እሱም ከ250 ሰው አይበልጥም። አውሮፕላን ማረፊያ የለም። ከኬፕታውን በመርከብ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በ1961 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምነግራችሁ) እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ ሰው ሁሉ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በ1963 አብዛኞቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ከነዚህ ደሴቶች የአንዱ ስም ራሱ «የማይደረስበት» ማለት ነው። ዙሪያውን ገደል ነው። ስፋቱ 14 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ላወራችሁ የፈለግኳት ወፍ፣ የባሌዋ ወፍ ዘመድ፣ ያለችው እዚያ ብቻ ነው።

መብረር ከማይችሉ የዓለም ወፎች ሁሉ ትንሿ እሷ ናት። ክብደቷ 40 ግራም ቢሆን ነው። ከአንድ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ትቀላለች። ጠቆር ያለች፣ ዓይኗ ቀይ፣ ላባዋ እንደ ጠጉር የሳሳ። ጓሳ የመሰለው ረጅም ሣር ሥር መንገድ አበጅታ እንደ አይጥ ትሽሎከሎካለች።

እንዴት ደረሰች? በ1923 ወፏን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፐርሲ ሎው ቅድመ አያቶቿ በእግር የመጡ፣ የመጡበት መሬት በኋላ የሰመጠ መስሎት ነበር። በ2018 የወጣ የዘረ መል ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ከ1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከደቡብ አሜሪካ በርረው ነው የመጡት።

ያን ሁሉ ውቅያኖስ በክንፍ አቋርጠው ደረሱ። ከዚያ መብረር ተዉ። ድመት የለ፣ እባብ የለ፣ አይጥ የለ። የሚበላው መሬት ላይ ነው። የበረራ ጡንቻ ደግሞ ቀለቡ ብዙ ነው፤ ካልተፈለገ በትውልድ ብዛት እየመነመነ ይሄዳል።

መጀመሪያ ሳነበው አንጀቴን በላችኝ። ክንፍን የመሰለ ነገር ማጣት! አሁን ግን እንደዚያ አይታየኝም። እኔ ታክሲ ስሳፈር ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ነው የማቅፈው፤ እጄ ራሱ ሳላዘው ያደርገዋል። የሷ አካል ከእንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያረፈ አካል ነው። እውነቴን ነው፣ ቀናሁባት።

የሚያስፈራኝ ግን ይኸው ዕረፍቷ ነው። በ1882 አንዲት መርከብ ዋናው ደሴት ላይ ተሰብራ አይጥ አራገፈች፤ እስከ ዛሬ አልጠፋም። በመጋቢት 2011 ደግሞ ኦሊቫ የምትባል አኩሪ አተር የጫነች ትልቅ መርከብ፣ ናይቲንጌል ከሚባለው ጎረቤት ደሴት ጋር ተላተመች። ነዳጁ ባሕሩን አለበሰው። የደሴቱ ሰዎች ሥራቸውን ትተው በነዳጅ የተነከሩ ከ3,700 በላይ ፔንግዊኖች ሰበሰቡ። መዋኛ ገንዳቸውን ሳይቀር ለቀቁላቸው። ከአሥሩ አንዱ ያህል ቢተርፍ ነው።

በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል ግን ሌላም ሥራ ነበር፦ ባሕሩ ዳር የአይጥ ወጥመድና መርዝ ማስቀመጥ። ነዳጅ ይታያል። ከስብርባሪው ጋር ዋኝታ የምትወጣ አንዲት ያረገዘች አይጥ ግን ማን ያያታል? ደግነቱ አይጥ አልገባም።

ቢገባ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ወደ ደቡብ ርቆ ያለውን የጎፍ ደሴትን ማየት ነው። ድሮ መርከበኞች ሳያስቡት ያመጧቸው አይጦች አልባትሮስ የሚባለውን ትልቅ የባሕር ወፍ ጫጩቶች በሕይወት እያሉ ይበላሉ። ጫጩቱ ከአይጧ ስንት እጥፍ ይበልጣል፤ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጠላት የሚባል ነገር ዘሩ አያውቅማ። በ2021 በሄሊኮፕተር መርዝ ተበተነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በካሜራ አንዲት አይጥ ታየች።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን የማስበው ያን ጫጩት ነው።

የባሌዋን ወፍ ድምፅ ያን ቀን በስልኬ ቀድቼው ነበር። ነፋሱ ይበዛበታል። ቢሆንም ላሰማችሁ።